ያልተጻፈው ኮሌጅ

ብሪታ ሃልቨርሰንን ፍርሃት የያዛት በፋሲካ ምሳ ላይ ነው፤ አክስቷ ኮሪን ለሁለተኛ ጊዜ ድንች እያነሳች ስለ ሕግ ትምህርት ቤት ስታወራ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሐይቅ ዳር ባለችውና በረዶ በማያጣት በቱ ሃርበርስ ከተማ ከእሷ የበለጠ ዕድለኛ ልጅ አለች ቢባል ማንም አያምንም ነበር።

ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ለኮምፒውተር ሳይንስ ተቀብለዋታል። አንደኛው በምሥራቅ በኩል ያለው ስመ ጥር ነው፤ ስሙ ሲጠራ ሰው ሹካውን አስቀምጦ ቀና ይላል። ሁለተኛው ከቤት የሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ያለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እሱን ሲሰሙ ሰዎች "ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው" ብለው ወደ ምግባቸው ይመለሳሉ። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ አንዱን መምረጥ አለባት። እናቷ ጆሊን የጥርስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያዥ ናት፤ ቀጠሮ የለመደ እጇ አላርፍ ብሎ ማቀዝቀዣው በር ላይ በአራት ቀለም ሰንጠረዥ ሠርታ ለጥፋለች። ርቀቱ፣ መኝታው፣ የመምህራኑ ብዛት፣ ተመርቆ ሥራ የሚያገኘው ሰው ቁጥር፣ ምን ቀረ። የመጨረሻው ዓምድ ላይ "በኋላ ሕግ?" ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ግን ባዶ ነው።

ይህ ሕግ የሚሉት ነገር ከየት መጣ ቢባል ከኮሪን ነው። ኮሪን የብሪታ አባት የቨርን እህት ናት፤ ገንዘብ የሌላቸውን ተከሳሾች የምትከራከር ጠበቃ። ብሪታ በአሥራ አምስት ዓመቷ አንድ ቀን ችሎት ገብታ ተቀምጣ ነበር። አንድ ሰው ስልኩ የት እንደነበረ በሚያሳይ ካርታ ሲፈረድበት አየች። ዐቃቤ ሕጉ ካርታው እንዴት እንደተሠራ አያውቅም፣ ኮሪንም አታውቅም፣ ዳኛውማ ጭራሽ መነጽሩን ሲፈልግ ነበር። ልጅቷ ከዚያ ቤት ስትወጣ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል አንድ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ኖሮ ብላ ወጣች። ያ የሚያውቅ ሰው እኔ ነኝ አለች በሆዷ። መጀመሪያ ኮምፒውተር፣ ከዚያ ሕግ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ሐሳቧን አልለወጠችም።

እናም በዚያ ምሳ ላይ ጆሊን ባዶውን ዓምድ ልትሞላ ፈልጋ ኮሪንን ጠየቀቻት። ኮሪን ስትጀምር ማቆም አይሆንላትም። የሕግ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ተማርሽ ታሪክ ተማርሽ ግድ የለውም፣ ነጥብ ነው የሚያየው አለች። ስመ ጥሩ ዩኒቨርሲቲ በነጥብ ቆጥቋጣ ነው፣ እዚያ ሄደሽ ሲ እየለቀምሽ ከመምጣት እዚህ ኤ ብታገኚ ይሻላል አለች። ቨርን ይህን ሲሰማ ኮት ማንጠልጠያው ላይ የሰቀላትን ኮፍያ ዞር ብሎ አያት፤ የስመ ጥሩን ስም የያዘች ኮፍያ ነች፣ በፖስታ አስመጥቶ መንገድ ሥራ መምሪያ ጓደኞቹ ፊት ሳይቀር ያደርጋታል። ኮሪን ቀጠለች። ትራንስክሪፕት የሚጠየቀው ከተመረቁበት ብቻ አይደለም፤ በሕይወትሽ አንድ ኮርስ እንኳ ከወሰድሽበት ኮሌጅ ሁሉ ነው፤ በአሥራ ስድስት ዓመትሽ ይሁን በስድሳ፣ ሁሉም ተደምሮ ነው የሚሰላው። ተመርቀሽም አላለቀም፤ የጠበቆች ኮሚቴ ጠባይሽን ይመረምራል፣ ያኔ ከዚህ በፊት የሞላሽው ቅጽ ሁሉ ይወጣል። አንድ የምታውቀው ልጅ ወጣት ሳለ የሆነውን ትንሽ ነገር ሳይጽፍ ቀርቶ ፈቃድ ሳይሰጡት ሁለት ዓመት አንከራተቱት።

"ትንሹ ነገር አይደለም ያንከራተተው" አለች ኮሪን ቅቤውን እየሳበች። "መደበቁ ነው።"

ብሪታ የቆረጠችውን ሥጋ መልሳ ሳህኗ ላይ አስቀመጠች።

ጆሊን ደግሞ አላስቻላትም። "ብሪታ ምን አለባት፣ ያቺን ክረምት የወሰደቻት የሂሳብ ኮርስ ብቻ ናት። ቢ ነበር ያገኘሽው አይደል?"

"ቢ" አለች ብሪታ።

ውሸት። ዓይን ያወጣ ውሸት፣ ያውም በፋሲካ። ያገኘችው ኤፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ኮረብታው ላይ ባለው ትንሽ ኮሌጅ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ክፍት የሆነ የሂሳብ ኮርስ ነበር፤ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከትምህርት ቤት መልስ። ብሪታ በራሷ ተመዘገበች፣ ቤቱ ሁሉ ደስ አለው። ከዚያ የሆነውን ለማንም አልተናገረችም። መሄድ አቆመች፣ ያ ብቻ ነው። ካልሄድሁ ኮርሱ በራሱ ጊዜ ይቀራል ብላ አሰበች፤ ልጅ ነበረች። ማክሰኞና ሐሙስ ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት እየሄደች ሰዓቱ እስኪሞላ ትቀመጣለች፣ ከዚያ ቤት ገብታ ደህና ነበር ትላለች። የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ የሚያስተምር ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ ያገኘችውም እዚያው፣ የምትደበቅበት መደርደሪያ ላይ ነው። ሰኔ ላይ ውጤቱ በፖስታ መጣ። ነዳጅ ማደያ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ቀዳድዳ ጣለችው፣ አበቃ አለች።

ባለፈው ኅዳር ማመልከቻ ስትሞላ "ከዚህ በፊት ኮርስ የወሰዱበት ኮሌጅ አለ?" የሚል ጥያቄ መጣ። ረጅም ጊዜ አየችው። "የለም" የሚለውን ነካች። መጨረሻ ላይ የሞላሁት ሁሉ እውነት ነው፣ ሐሰት ከሆነ ቅበላዬ ሊሰረዝ ይችላል ከሚል ዐረፍተ ነገር ሥር ስሟን ጻፈች። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች የተቀበሏት በዚያው ማመልከቻ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ያለችው ሳምንት ለጠላትም አይስጥ። ብሪታ እንቅልፍ ባይኗ ሳይዞር እየነጋ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ስልክ በጮኸ ቁጥር ክው ትላለች። ፖስታ አመላላሹ ሲመጣ ከሁሉ ቀድማ ወደ ሳጥኑ ትሮጣለች። ምን ይሻላታል? ብትናገር ሁለቱም ይሰርዟታል፤ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ጓደኞቿ ሁሉ የዩኒቨርሲቲያቸውን ካናቴራ ለብሰው ጂምናዚየሙ ውስጥ ፎቶ ሲነሱ እሷ ቤቷ ልትቀመጥ ነው። ዝም ብትል ኮምፒውተሩን ትማራለች፣ ኮምፒውተር ስለ ጠባይ አይጠይቅም፣ ሕጉ ግን አይሆንም፤ የሕጉን በር በራሷ እጅ ዘግታ ቁልፉን ሐይቁ ውስጥ ጣለችው ማለት ነው። አንዳንዴ ይቅርብኝ ትላለች። ፕሮግራም እየጻፍሁ እኖራለሁ፣ ማን ሞተ። ከዚያ ያ ሰውዬ፣ በካርታ የተፈረደበት፣ ሲቆም የወንበሩን ጠርዝ እንዴት ይዞ እንደነበር ትዝ ይላታል። በዚያ ላይ ዝም ማለትም አያሳርፍ፤ ነገ ማን ምን ያገኛል? ፈሪ ሰው ነገን ከዛሬ አስቀድሞ ይኖራል ይባላል፣ እሷ ሰባት ዓመት አስቀድማ መኖር ጀመረች።

በሳምንቱ፣ ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ፍርድ ቤቱ ጀርባ ወዳለችው የኮሪን ቢሮ ሄደች። ኮሪን ጠረጴዛዋ ላይ ሳንድዊች ዘርግታ ፋይል እያነበበች ነበር። ብሪታ በሩ ላይ ቆማ፣ አንዲት ጓደኛ አለችኝ፣ እሷ አንድ ነገር አጋጥሟት ብላ ጀመረች።

"ግቢና በሩን ዝጊ" አለች ኮሪን። "እዚህ ቢሮ የሚመጣ ሰው ሁሉ ጓደኛ አለው። ጓደኛዬ ሰከረ፣ ጓደኛዬ ሰረቀ፣ ጓደኛዬ የሚስቱን መኪና ሸጠ። እኔ እስከ ዛሬ ባለቤቱን አይቼ አላውቅም፣ ጓደኛውን ብቻ ነው የማውቀው። እስኪ ያንቺ ጓደኛ ምን አደረገች?"

ብሪታ ልትስቅ ሞከረች፣ በሳቅ ፈንታ እንባ መጣ። ሁሉንም ተናገረች፤ ኤፉን፣ ፖስታውን፣ "የለም" የምትለዋን ነገር። ለምን መሄድ እንዳቆመች ግን አልተናገረችም፣ ኮሪንም አልጠየቀቻትም። ኮሪን መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። ሳንድዊቹን በወረቀቱ መልሳ ጠቀለለችው።

"እንደ አክስትሽ ንገሪኝ ካልሽ፣ ዝም በይ እልሻለሁ" አለች። "እግዜር ያውቃል፣ እንደ አክስትሽ ምላስሽን ቆርጠሽ ያዢ ነው የምልሽ። እንደ ጠበቃ ግን፣ ዛሬ ብትናገሪ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ስህተቷን አረመች ይባላል። በሃያ አምስት ዓመትሽ እነሱ ካገኙት ውሸታም ጠበቃ ነሽ።"

"ከተናገርሁ ይሰርዙኛል?"

"ሊሰርዙሽ ይችላሉ።"

"ሁለቱም?"

"ሁለቱም" አለች ኮሪን። አይዞሽ አላለቻትም። ኮሪን እንዲህ ናት፤ ለተከሳሾቿም አይዞህ አትልም፣ ስለዚህ ያምኗታል።

እኛ ዘንድ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ግን መድኃኒቱ ራሱ ሊገድል ሲችልስ? ብሪታ መኪናዋ ውስጥ፣ ቤተ መጻሕፍቱ መኪና ማቆሚያ ላይ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ አጠፋችው። በአራተኛው አንድ ሰው አነሳ፤ የስመ ጥሩ ዩኒቨርሲቲ ሰው፣ ድምፁ ለስለስ ያለ፣ "ምን ልርዳዎ?" የሚል። ስትናገር ስትናገር የሰውየው ድምፅ እየከረረ ሄደ። በመጨረሻ ሁሉንም በጽሑፍ ይላኩልን፣ ኮሚቴ ያየዋል አላት። የመንግሥቱ ዩኒቨርሲቲ ሴትዮ ደግሞ ምንም አላለችም፤ የመተየቢያ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ቀስ እያለ፣ በሁለት ጣት። የአያትሽ ስም ማን ነው ብትላት እንኳ ይሻላት ነበር። ሴትዮዋ ተየበች ተየበችና ትራንስክሪፕቱንና ደብዳቤ ይላኩ ብላ ዘጋችው።

ብሪታ ደብዳቤውን የዚያኑ ዕለት ጻፈች። ሰበብ የሚመስለውን ሁሉ ሰርዛ ስድስት መስመር ቀረ። ከዚያ መጠበቅ መጣ፤ አሥር ቀን። በነዚያ ቀናት ቨርን ያቺን ኮፍያ አድርጎ ሥራ ይሄዳል፣ ሲመለስ እገሌ እንዲህ አለኝ፣ አለቃዬ ልጅህ ከእኛ ሁሉ ጭንቅላት በላይ ናት አለ እያለ ያወራል። እሱ ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም፤ ሃያ ስድስት ክረምት የወረዳውን በረዶ ጠራጊ መኪና ብቻውን ሲነዳ የኖረ ሰው ከማን ጋር ያውራ? በልጁ ነገር ግን አፉ ተፈትቷል። እሱ ባወራ ቁጥር ብሪታ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ትመኛለች። ጆሊንም ሰንጠረዡ ላይ በቀይ ክብ ልትሠራ ብዕሩን አዘጋጅታ፣ "ወሰንሽ ወይ?" ትላታለች ጧት ማታ።

የስመ ጥሩ መልስ ሚያዝያ ሃያ ስምንት ቀን መጣ። አክብሮት የሞላበት፣ አጭር ነው። ግልጽ ስለሆኑልን እናመሰግናለን፣ ነገር ግን የተሰጥዎትን ቦታ ሰርዘናል ይላል። ብሪታ ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ውስጥ በሩን ቆልፋ በስልኳ አነበበችው። ወሽመጧ ተቆረጠ። ደወል ተደወለ፣ ተማሪው ሁሉ ወጣ፣ እሷ አልተነሳችም። አንዱ ከሄደ ሌላውም ይሄዳል፣ ይኼው ነው፣ አለቀ ብላ እዚያው ተቀመጠች።

የመንግሥቱ ዩኒቨርሲቲ መልስ በማግስቱ መጣ። ቦታዎ ጸንቷል፣ ኤፉ ግን በመዝገብዎ ላይ ይገባል፤ በዚህም ምክንያት ኮምፒውተር ሳይንስ በቀጥታ መግባትዎ ቀርቶ የመጀመሪያውን ዓመት በአጠቃላይ ትምህርት ጀምረው በሚያመጡት ነጥብ ይወዳደራሉ ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። መጀመሪያ አለቀሰች፤ ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ ነጥቡን አሰበችና እንደገና ፈራች። ከኤፍ የሚጀምር ሰው መንሸራተት አይፈቀድለትም። ግን ቦታ አላት፣ የሚያሸማቅቅም ነገር ፋይሏ ውስጥ በግልጽ ተቀምጧል፣ ከእንግዲህ ማንም አያገኘውም፤ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ሁሉም ሰው፣ ከአባቷና ከእናቷ በቀር።

እዚህ ላይ ሰው ይስቅ ይሆናል። ለሁለት ዩኒቨርሲቲ የተናገረች ልጅ አባቷን ምን ያስፈራታል? ያስፈራታል እንጂ። ኮሚቴ ቢሰርዝህ ደብዳቤ ይጽፍልሃል፤ አባት ደብዳቤ አይጽፍም፣ ፊቱን ነው የምታየው።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቨርን ጋራዡ ውስጥ የፒካፑን ሆድ በውሃ እያጠበ ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ የተጠራቀመውን ጨው። ጆሊን ከሥራ ልትመለስ አንድ ሰዓት ቀርቷታል። ብሪታ በሩ ላይ ቆማ፣ "አባዬ፣ ውሃውን ዝጋው" አለች። ዘጋው። እሷም ልክ እንደ ደብዳቤው፣ በስድስት መስመር ተናገረች። ስመ ጥሩ ዩኒቨርሲቲ ቦታዋን መሰረዙ ላይ ስትደርስ ቨርን ያቺን ኮፍያ ነካ አደረገ፣ አላወለቃትም።

"ለምን አልሄድሽም ኮርሱን?" አለ።

ይህችን ነው የፈራችው። በእኛ አካባቢ በረዶ ላይ መንዳት ፈራሁ ማለት፣ ያውም የበረዶ ጠራጊ ልጅ ሆኖ፣ ዓሣ ውሃ ፈራ እንደማለት ነው። ሰው እግሩ ቢሰበር እንኳ ከዚህ የባሰም አይቻለሁ ብሎ የሚያልፍበት አገር ነው።

"ኮረብታው" አለች። "በመጀመሪያው ሳምንት መኪናዋ ተንሸራተተችና ዞረች። የኋላ ጎማዎቹ ገደሉ ጫፍ ላይ ነው የቆሙት። ማንም አላየኝም። ወደ ኋላ ማየት ስላቃተኝ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ በኋላ ያንን መንገድ ማየት አልቻልሁም፣ አባዬ። አንተ ነህ ያስተማርኸኝ፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ?"

ቨርን የውሃውን ቱቦ መጠቅለል ጀመረ። ሲጠቀልል ሲጠቀልል ቆየ።

"ማክሰኞና ሐሙስ ነበር" አለ።

"አዎ።"

"ማክሰኞና ሐሙስ ኮረብታውን አስቀድሜ እጠርግ ነበር። አንቺ ከመውጣትሽ በፊት። የትምህርት ቤት አውቶቡሶቹን መንገድ ትቼ፣ ወጥቼ ጨው ደፍቼበት እወርድ ነበር።" ቱቦውን መንጠቆው ላይ ሰቀለው። "አለቃዬ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አስጠነቀቀኝ። አንድ ቀን አውቶቡሱ ልጆች ጭኖ ታች ቆሞ ቀርቶ ነበር። ለምን አስቀደምህ ሲለኝ መልስ አልሰጠሁትም።"

ያን ክረምት ሙሉ፣ ብሪታ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መደርደሪያ ጀርባ ተቀምጣ መጽሐፍ ስታገላብጥ፣ አባቷ እሷ የማትሄድበትን መንገድ ይጠርግላት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ሲሰርዛት እንኳ እንዲህ አላመማትም።

"ስንት ጊዜ ነው የሄድሽበት?" አለ ቨርን።

"አንድ ጊዜ።"

"ከጠረግሁት በኋላ ነው ወይስ በፊት?"

"አላውቅም፣ አባዬ። መንገዱ ነጭ ነበር።"

"የመጀመሪያውን ሳምንት አላሰብሁትም ነበር" አለ ቨርን ዝቅ ባለ ድምፅ። "ከሁለተኛው ሳምንት ነው የጀመርሁት።"

ውሃው ከፒካፑ ሆድ ሥር እየተንጠባጠበ ወደ መውጫው ይፈሳል። ብሪታ ይጮኽብኛል ብላ ነበር የመጣችው፤ ቢጮኽባት በቀለላት።

"አባዬ፣ ስለ ማስጠንቀቂያው እማዬ ታውቃለች?"

"የለም" አለ። ከዚያ የራሱን ቃል ራሱ የሰማ መሰለ፣ ፊቱ ቀላ። "ሁለት ዓመት ሆነው፤ አልነገርኋትም። የሥራ እድገት ሲከለክሉኝ በዕድሜ ነው አልኋት።"

የጆሊን መኪና ድንጋዩን እያንኮሻኮሸች ግቢው ውስጥ ገባች። ዛሬ ቀደም ብላ መምጣቷ ነው። ሞተሩ ጠፋ፣ በሩ ተከፈተ፣ የእጅ ቦርሳዋን ስትፈልግ ይሰማል። ቨርን እጁን ሱሪው ላይ ጠራረገ። የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው እንደ ልጅ ደንግጧል።

"አንቺ ትጀምሪያለሽ ወይስ እኔ?" አለ።

"እኔ" አለች ብሪታ፣ የቤቱን በር ልትከፍትላት ሄደች።